ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ያለው ሶኬት

አባቴን ወደ ቤት የመለስኩት እኔ ነኝ። በር አልከፈትኩለትም፤ ያደረግኩት አንድ የኤሌክትሪክ ገመድ መንቀል ብቻ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ዓርብ ከሰዓት ነበር፤ እጄ ላይ ሮዝ ጓንት አድርጌ ነበር። ይሄ ሁሉ ትዝ ይለኛል። በማግስቱ የእናቴ ግራ ጆሮ ላይ የሆነው ደግሞ ልርሳው ብል እንኳ አይረሳም፤ እስከ ዛሬ ሳናግራት በቀኝ በኩሏ ነው የምቆመው።

ከአርቪው ልጀምር። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የነበረው ቤታችን ከኋላው ሰፋ ያለ ግቢ ነበረው። ሦስተኛ ክፍል በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት አጎቴ ዓብዩ ከወንዙ ማዶ ካለችው ከአሌክሳንድሪያ ድረስ አንድ ትልቅ አርቪ እየነዳ መጥቶ እዚያ ግቢ ውስጥ ገተረው። ውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ ሻወርና ሽንት ቤት ያለው መኪና ነው፤ ሰዎች ለሽርሽር የሚሄዱበት ዓይነት። አሮጌ ነው፤ ጎኑ ላይ ቡናማ መስመር አለው፤ የኋላ መከላከያው ተጨራምቷል። ለእኔ ግን ከዚያ በላይ የሚያምር ነገር በዓለም ላይ አልነበረም።

አጎቴ የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው። ሥራው ቧንቧ ነው፤ እሱ የገጠመው ቧንቧ አያንጠባጥብም ይባልለት ነበር። እየዘለልኩ አባዬን «የት ልንሄድ ነው?» አልኩት። አባዬ አጎቴን ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ናያግራ ፏፏቴ» አለኝ። በነጋታው ክፍል ውስጥ ናያግራን ያልነገርኩት ልጅ አልነበረም።

ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ ሽማግሌዎች ቤታችን መጥተው ነበር። ጋሽ ሀብተማርያም፣ እትዬ የወይንሐረግ፣ አንድ ስማቸውን የማላውቀው መነጽር ያደረጉ ሰውዬም ነበሩ። እማዬን ሊጠይቋት የመጡ ነበር የመሰለኝ፤ ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በጄሶ ታስሮ ነበራ። የመኪና በር ተዘግቶባት ነው ተብያለሁ። ያንን የመኪና በር እንዴት እንደጠላሁት! ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር በእርግጫ እለው ነበር።

በሩ ምንም አላደረጋትም። ይሄን ያወቅኩት አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ ነው።

ያን ቀን ደረጃው ላይ ተደብቄ አዳመጥኳቸው። ጋሽ ሀብተማርያም ጉሮሯቸውን ጠርገው «ፖሊስ የሚባል ነገር አይነሳ» አሉ። «የመኖሪያ ወረቀቱ ገና አላለቀም። ልጅቷም ያለ አባት አትቅር።»

«እኔ ከእሱ ጋር አንድ ጣራ ሥር አላድርም» አለች እማዬ።

«አንድ ጣራ ሥር ማን አለ? ግቢ ውስጥ ይሁን። እስከ ፋሲካ። ለእሱም ይብረድለት፣ ለአንቺም ይብረድልሽ።»

«ውሃ ፈለግሁ፣ ሻወር ፈለግሁ፣ ሽንት ቤት ፈለግሁ እያለ በሬን ቢደበድብስ?»

«እውነቷን ነው» አሉ እትዬ የወይንሐረግ። «ውሃውም፣ ሻወሩም፣ ሽንት ቤቱም የራሱ ይሁን። ምንም የሚያንኳኳበት ምክንያት አይኑረው።»

«ዓብዩ አንድ አርቪ አለኝ ብሏል። ቧንቧውን አሳምሮ ይሠራለታል» አሉ ጋሽ ሀብተማርያም። ከዚያ ድምፃቸውን ከረር አድርገው «መርዕድ፣ የዚህን ቤት ደፍ ከረገጥክ እኛው ራሳችን ነን የምናስይዝህ። ሰምተሃል?» አሉት።

አባዬ ተነሳና የሦስቱንም ጉልበት ሳመ።

እኔ የሰማሁት ውሃ፣ ሻወር፣ ሽንት ቤት፣ ፋሲካ ነው። አሜሪካኖቹ የክፍሌ ልጆች ለሽርሽር ሲዘጋጁ የሚያወሩት እንዲህ ያለ ነገር ስለሆነ፣ ሽማግሌዎቹ ጉዟችንን እየመከሩ መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። የሚስቱን እጅ ሁለት ቦታ የሰበረን ሰው ሃያ እርምጃ አራቁና ዳኘን ብለው ምሳ በሉ! ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። አልነበሩም። እትዬ የወይንሐረግ ሲወጡ እማዬን አቅፈው አልቅሰዋል።

የቧንቧው ሥራ ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። የድሮው ቧንቧ ግራጫ ፕላስቲክ ነው፤ አጎቴ በእጁ ጎበጥ ሲያደርገው እንደ ደረቅ ብስኩት ቀሽ ይላል። «ይሄ ኮተት አንዱም አይቀርም፣ ሙልጭ ብሎ ይወጣል» አለ። ሥራ ተከፋፈሉ፦ አባዬ ያፈርሳል፣ አጎቴ ይሠራል። አባዬ ማፍረሱን ሲወድ! እግሩን ግድግዳው ላይ ተክሎ ቧንቧውን እየጎተተ ሲገነጥለው ብሎኑ፣ ጣውላው፣ ስብርባሪው ሁሉ ይበራል። ጥርሱን ነክሶ አንድ ነገር ያጉረመርማል። ከቧንቧው ጋር የተጣላ መስሎኝ እስቅ ነበር። አንዴ የገነጠለው ቁራጭ ግንባሬን ቧጨረኝ። እሱ አላየኝም፤ አጎቴ ነው ብድግ አድርጎ ያወጣኝ።

አዲሱ ቧንቧ ቀይና ሰማያዊ ነው፤ ቀዩ ለሙቅ፣ ሰማያዊው ለቀዝቃዛ። አጎቴ መጋጠሚያው ላይ የመዳብ ቀለበት ያጠልቅና እጀታው በረዘመ መጭመቂያ ቀጭ! ያደርገዋል። ፓምፑን ቀየረ። የውሃ ማሞቂያውን ፈትቶ ከሆዱ ግማሽ ባልዲ ነጭ ደለል ዛቀ። የሽንት ቤቱን ታንክ መዝጊያ አዲስ አደረገ፤ ፍሳሹንም ከቤታችን ፍሳሽ ጋር አገናኘው። ሁለቱ ግን አያወሩም። «መፍቻውን።» «እንካ።» «ያዝ።» «ልቀቅ።» በቃ ይቺው ናት ጨዋታቸው።

በሦስተኛው ቅዳሜ አጎቴ ከሲንኩ ሥር አንገቱን ቀብሮ ሳለ «የግፊት መቀነሻው ሳይገጠም እንዳትከፍት፣ የቤቱ ውሃ ጉልበት ይበዛበታል» አለው። አባዬ ውጭ ቧንቧው አጠገብ ቆሟል። እኔም አጠገቡ ነኝ። እያየሁት፣ ቀስ ብሎ፣ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ፤ ውሃው የአጎቴን ፊት እንደ ጥፊ መታው። ዘሎ ሲነሳ ራሱ ከሲንኩ ጋር ተላተመ።

አባዬ ገባና እያየው ሳቀ። «እህትህም እንዲህ ነው የምትደነብረው» አለው።

ቀልድ መሰለኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በሩ ተዘጋ። መኪናው መወዛወዝ ሲጀምር ባልዲ ገልብጬ ቆምኩና በትንሿ መስኮት አየሁ። አጎቴ አባዬን ሻወሩ ውስጥ አስገብቶ የቧንቧ መፍቻውን ጉሮሮው ላይ በአግድም ደግኖበታል። በጉልበቱ ሆዱን መታው። አባዬ ሲታጠፍ በቡጢ አፍንጫውን አለው፤ ደገመው። ነጩ የሻወር ግድግዳ ደም በደም ሆነ። «ሁለተኛ እጅህን አንሳባት፣ በዚህ ነው ጥርስህን የማረግፈው» ይለዋል። አጎቴ እንደዚያ ሲሆን አይቼው አላውቅም። ሽንቴ አመለጠኝ።

አባዬ ወጥቶ የአርቪው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። የሽንት ቤት ወረቀት አመጣሁለት። «የሻወሩ በር መታኝ» አለኝ እያለቀሰ። በእኛ ቤት ሰው የሚመታው በር ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ግን መስኮት ላይ ስለነበርኩ እንደዋሸኝ ገባኝ፤ የዋሸኝም አጎቴን እንዳልጠላው ብሎ፣ ጨዋ ስለሆነ ነው አልኩ። አጎቴን ጠላሁት። ከቤት ወጥታ ያላነሳችውን እማዬንም ጠላኋት።

አመሻሽ ላይ አጎቴ ጠራኝና አጠገቡ አንበረከከኝ። ፊቱን ላለማየት የጫማዬን ክር አያለሁ። ወፍራም ጎማ ከቤቱ ቧንቧ ወደ አርቪው ዘርግቷል። «ይሄ ጎማ ውስጡ የሚሞቅ ሽቦ አለው» አለኝ። የጎማውን የኤሌክትሪክ ገመድ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ያለው ሶኬት ላይ ሰካው። «እስከ ፋሲካ ከዚህ አይነቀልም። ከተነቀለ ውሃው በረዶ ይሆንና አባትሽ ውሃ አያገኝም። እናትሽ ሥራ ትውላለች፤ እሱን ደግሞ… ተይው። አንቺ ነሽ ጠባቂው። እሺ ትህትናዬ?»

«እሺ» አልኩ። ስሜን ያወጣልኝ አባቴ ነው፤ ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ።

ናያግራ ሳንሄድ ቅጠሉ ረገፈ። «መቼ ነው?» ስል «ሲሞቅ» ይሉኛል። አባዬ አርሊንግተን ታክሲ ሲነዳ ውሎ ሲመለስ በግቢው በር ገብቶ ቀጥታ ወደ አርቪው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድለታለሁ። እንቁላል ይጠብስልኛል፤ ሳህኑን አጥባለሁ፤ ቀዩን ስከፍት ሙቅ፣ ሰማያዊውን ስከፍት ቀዝቃዛ። አባቴ ለእኔ ክፉ ሆኖ አያውቅም፤ ይሄን የምለው ለእሱ ጥብቅና ልቆም አይደለም። ሰው እንዲህም ሊሆን ይችላል ለማለት ነው።

በየሳምንቱ አንድ ነገር ተሰብሮ አገኛለሁ። አንዴ የቁም ሳጥኑ በር፣ አንዴ መስታወቱ፣ አንዴ ደግሞ ግድግዳው ላይ የቡጢ ቅርጽ። «ምን ሆኖ ነው?» ስለው «አሮጌ ነዋ» ይለኛል። እኔም ስኮች እለጥፍበታለሁ።

የገና ዕለት እማዬ ምግብ በሳህን አድርጋ በፎይል ሸፈነችና «ወስደሽ በር ላይ አስቀምጪለት» አለችኝ። እኔ ግን ገባሁ። ቆሞ በላ። ከዚያ ቧንቧውን ከፈተና ውሃው ሲወርድ ዝም ብሎ አየው።

«አየሽ ትህትና፣ እዚህ ውሃ ስላለኝ ነው የረሱኝ» አለ። «ውሃ ባይኖረኝ እናትሽ ታስገባኝ ነበር። እሷ ውሃ አትከለክልም።»

ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ፤ ጎማው ወደተዘረጋበት፣ ገመዱ ወደተሰካበት። እኔም አየሁ። ሌላ አንድ ቃል አልጨመረም። ራሱ ቢነቅለው ሽማግሌዎቹ ይጠይቁታል። አስቦበት ይሁን ሳያስብ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አውጥቼ አውርጄ መልስ አላገኘሁለትም። እንጃ ብዬ ነው የተውኩት። ውሸት ነው፤ አልተውኩትም።

በሳምንቱ ትምህርት ቤት ሁለት ሰዓት ዘግይቶ የሚያስገባ ብርድ መጣ። ዓርብ ከአውቶቡስ ወርጄ ቤቱን በኋላ ዞርኩ። እማዬ ገና ከሥራ አልገባችም፤ የምትጠብቀኝ ጎረቤታችን እቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ ናት። ሶኬቱ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ይላል። ገመዱን በሁለት እጄ ይዤ ሳብኩት። ጠንክሮ ነበር፤ ሲለቅ በቂጤ በረዶው ላይ ተቀመጥኩ። ነገ አባዬ ከእኛ ጋር ቁርስ ይበላል ብዬ ገመዱን እዚያው በረዶው ላይ ትቼው ገባሁ። ያን ሌሊት እንዴት ደስ የሚል እንቅልፍ ነበር የወሰደኝ!

ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ፀሐይዋ በረዶው ላይ አርፋ ዓይን ትወጋለች። እማዬ ሲንኩ ጋ ቆማ ምስር ታጥባለች። ጄሶዋ ከወለቀ ቆይቷል፤ ሁለቱ ጣቶቿ ግን ገና በቅጡ አይታጠፉም። እኔ ወተት ያፈሰስኩበትን ሲሪያሌን እያላመጥኩ ጆሮዬ ግቢው ላይ ነው። አርቪው ውስጥ አንድ ነገር ተወረወረ። ቀጥሎ የአርቪው በር ተበረገደ፤ አባዬ መጥቶ የወጥ ቤታችንን በር ደበደበ።

«ጸዳለ! ውሃ የለኝም!»

እማዬ የበሩን ቁልፍ አየች፤ ሰንሰለቱንም አየች። ሁለቱም ተዘግተዋል። «ዓብዩ ጋ ደውል» አለች።

«ደወልኩ እኮ። ሥራ ላይ ነኝ፣ ከሰዓት ነው የምደርሰው ነው ያለኝ። እስከዚያ በምን ፊቴን ልታጠብ? ምን ልጠጣ?»

«ማሚ፣ ውሃ የለውም እኮ!» አልኳት። እንባዬ መጣ፤ እውነተኛ እንባ። «አስገቢው! አንቺ ክፉ ነሽ!»

አየችኝ። ያን አስተያየቷን እስከ ዛሬ አልረሳውም። እናቴ ውሃ የጠየቀን ሰው በባዶ እጁ መመለስ አልተማረችም፤ ሲያሳድጓት አላስተማሯትም። ትልቁን የብረት ድስት አውርዳ ውሃ ሞላችው። ሰንሰለቱን ሳትፈታ ልታቀብለው ሞከረች፤ ድስቱ በክፍተቱ አያልፍም። «ራቅ በል፣ ደረጃው ላይ አስቀምጬልህ እገባለሁ» አለችው። ሰንሰለቱን ፈታች።

በሩ በደረቷ ነው የመጣው። ወደ ኋላ ተፈናጥራ ወደቀች፤ ውሃው ወለሉን አዳረሰው። «ሦስት ወር!» አለ አባዬ። «ሦስት ወር እንደ ውሻ ግቢ አሰርሽኝ!» ፀጉሯን በእጁ ጠቅልሎ አነሳትና ሲንኩ ጋ ጎተታት። ቧንቧውን ከፍቶ ፊቷን ከሥሩ ደፈቀው። «ውሃ ይሄው! ጠጪ! ብቻሽን ስትጠጪ አልነበር?» እግሮቿ ወለሉን ይፍቃሉ። አንድ ጫማዋ ወልቆ እኔ ወንበር ሥር ገባ።

እኔ ማንኪያዬን እንደያዝኩ ነኝ። አባዬ ሊታጠብ ነበር የሚመጣው፣ ቁርስ ልንበላ ነበር እያልኩ ነው በልቤ።

እማዬ በክርኗ ጎኑን ወጋችውና አመለጠችው። ያኔ ነው ድስቱን ከወለሉ ያነሳው። አንዴ ግራ ጆሮዋን መታት። ድምፁ የሰው ጭንቅላትና ብረት ሲገናኙ የሚወጣ ድምፅ ነው፤ ሌላ የምመስልበት ነገር የለኝም። በቀኝ ጎኗ ወደቀች። ሊደግማት እጁን ሲያነሳ ዘልዬ ክንዱን ነከስኩት፤ ጨርቁን አልፌ ሥጋው ድረስ ነከስኩት። ወረወረኝ። እርጥቡ ወለል ላይ ተንሸራትቼ ፍሪጁ ጋ ስቆም አፌ ውስጥ የእሱ ደም ነበር፣ የራሴም ጥርስ።

ስልኩ እላዬ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ትምህርት ቤት እንዳስተማሩን ዘጠኝ፣ አንድ፣ አንድ ነካሁ። ሴትዮዋ ምን እንደተፈጠረ በእንግሊዝኛ ስትጠይቀኝ ያልኳት «አባቴ ውሃ የለውም» ነው። ሦስቴ ጠየቀችኝ፣ ሦስቴም እንደዚያው አልኳት። ከኋላዬ ያለውን ጩኸት ሰምታ ነው ፖሊስ የላከችው።

ሲመጡ አባዬ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ነበር፤ አልታገላቸውም። የፊት ለፊቱን መንገድ መብራታቸው ሲያቀላው እማዬ ተነሳች። ፎጣ ጆሮዋ ላይ ይዛ፣ በባዶ እግሯ፣ በኋላ በር ወጣች። በበረዶው ላይ ቤቱን ተደግፋ ስትሄድ በመስኮት አያታለሁ። አባዬን ይዘውት መሄዳቸውን ልታይ የወጣች መሰለኝ። መስኮቱ ሥር ጎንበስ አለች፤ ከዓይኔ ጠፋች። ልትወድቅ ነው ብዬ ስጮህ ተመልሳ ቀና አለች። አምቡላንሱ ከዚያ በኋላ ነው የደረሰው።

አጎቴ ከሰዓት መጣ። እኔ ከእትዬ የወይንሐረግ ጋር ቤት ነበርኩ። በቀጥታ ወደ አርቪው ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ልነግረው ነበር። ምለሽ ንገሪን ብትሉኝ እምላለሁ፣ ልነግረው ነበር። ግን መስኮቱ ሥር ስንደርስ ገመዱ ሶኬቱ ላይ ተሰክቷል።

ተሰክቷል! እጄን ጎማው ላይ አደረግኩ፤ ይሞቃል። አርቪው ውስጥ፣ ጎማው በሚገባበት ቦታ፣ አንዲት ኤልቦ፣ ቧንቧው የሚታጠፍባት የነሐስ መጋጠሚያ፣ ለሁለት ተሰንጥቃ ውሃ ትረጫለች። አጎቴ ውሃውን ዘግቶ ፈታት፤ መዳፉ ላይ አድርጎ አያት።

«ይቺን በብርድ መከላከያ ሳልጠቀልላት» አለ። «ጎማው ሞቋል። ሁሉን ጠቅልዬ ይቺን አንዷን ሳልጠቀልላት ረስቼ ነው። እኔ ነኝ።» ራሱን በጡጫ መምታት ጀመረ፤ ግንባሩን፣ እንደገና ግንባሩን። «እህቴን ያስገደልኳት እኔ ነኝ!»

«አልሞተችም» አልኩት። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልወጣኝም። ገመዱ ተሰክቷላ! ምናልባት በህልሜ ነው የነቀልኩት አልኩ። ለስንት ዓመት እንደዚያ እያልኩ ኖርኩ መሰላችሁ።

ጋሽ ሀብተማርያም ሆስፒታል መጥተው አልጋው ግርጌ ቆሙ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ «ዳኝነታችንስ ደህና ነበር፤ ቧንቧው ነው የከዳን» አሉ። አጎቴ በር ላይ ቆሞ ሰማቸው። አንገቱን ደፋ።

ከዚያ በኋላ አጎቴ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከአሌክሳንድሪያ እየመጣ ቤታችን ውስጥ የሌለ ብልሽት ይፈልጋል። የማያንጠባጥብ ቧንቧ ይፈታል፣ ደግሞ ይገጥማል። ሲበላ ከእማዬ በግራ በኩል ተቀምጦ አያውቅም። አባቴ ታስሮ ወጣ፣ ሌላ ስቴት ገባ፤ ስልክ ደውሎልኝም አያውቅ።

ባለፈው ወር አጎቴ ጡረታ ወጣ። «መሣሪያዬን ለማን እንደምሰጥ እንጃ» ብሎ ደወለልን። «አርባ ዓመት ሠራሁ፤ አንድ ሥራ ነው የተበላሸብኝ፣ ያችው አንዷ።» ስልኩን ዘግቼ ኮቴን ለበስኩ።

እማዬን ይዤ ወደ አሌክሳንድሪያ ነዳሁ። ሹፌር ጎን ስትቀመጥ ግራ ጆሮዋ ወደ እኔ ነው፤ የደፈርኩትም ለዚያ ነው። ድልድዩ ላይ ስንደርስ፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳልነቅል፣ ለማይሰማው ጆሮዋ ሁሉንም ተናገርኩ። ጓንቱን፣ ሶኬቱን፣ ቁርሱን። ቀስ ብዬ ነው፤ ለራሴ እንኳ በደንብ አልተሰማኝም።

እማዬ ወንዙን ታያለች። «አውቃለሁ» አለች፤ ደህናው ጆሮዋ ሰምቶኝ ኖሯል።

መሪው ሊያመልጠኝ ነበር።

«ገመዱን በረዶው ላይ አየሁት። የትንሽ ጫማ ዱካም ነበር፤ የተቀመጥሽበትም። መልሼ ሰካሁትና ዱካውን በእግሬ አጠፋሁት።» የተጣመሙትን ጣቶቿን በሌላ እጇ ያዘቻቸው። «ልጅ ናት፣ ይሄን ይዛ ማደግ አትችልም አልኩ።»

«አጎቴስ? እማዬ፣ አጎቴስ? ሃያ ዓመት!»

«እሱ ትልቅ ሰው ነው፣ ይችለዋል አልኩ።» አሁን ዞረችልኝ። እያለቀሰች ነው። «አልቻለውም። አየሁት እንዳልቻለው። ግን ከሁለታችሁ አንዳችሁን መምረጥ ነበረብኝ።»

አጎቴ በሩን የከፈተልን በነጠላ ጫማ ነው። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። መቀመጫ ሳይሰጠን፣ ኮቴን ሳላወልቅ፣ ኮሪደሩ ላይ እንደቆምን ነገርኩት። «አጎቴ፣ ያን ገመድ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ኤልቦዋ ምንም አላደረገች። አንተም ምንም አላደረግክም።» እማዬም ራሷን ነቀነቀች፤ «እውነቷን ነው ዓብዩ። መልሼ የሰካሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ» አለችው።

 ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ፤ ይምታኝ ብዬም ተመኘሁ። ወደ መሣሪያ ሳጥኑ ሄደና ከላይኛው መሳቢያ የሆነ ነገር በጨርቅ የተጠቀለለ አውጥቶ ተመለሰ። የተሰነጠቀችው ኤልቦ ናት። ሲያሻሻት ኖሮ ጠርዟ ልሟል።

«ሶኬቱን ልጅ በሚደርስበት ቦታ የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለ። «ከተነቀለ ምን እንደሚሆን ያሳየሁሽም እኔ ነኝ። ጠባቂ ብዬ የሾምኩሽ እኔ። የስምንት ዓመት ልጅ!»

«አይደለም፣ አጎቴ። ስጠኝ፤ እሷ የኔ ናት።» እጄን ዘረጋሁ።

ቡጢውን ጨበጠ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ልፈለቅቃቸው ሞከርኩ፤ እማዬ «ተዪው» ትለኛለች፣ እኔ እያለቀስኩ እታገለዋለሁ። አርባ ዓመት መፍቻ የያዘ እጅ ነው። አልሰጠኝም።